ለዓርብ የሚቀላ አጥንት

ውድ ፌሊዝሚና፣

ይህን ማን ጻፈላት ብለሽ አትድከሚ። ማንም አልጻፈልኝም። ፊደል የቆጠርኩት ከተኳረፍን ወዲህ ነው፤ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ፣ እንደኔ ዕድሜያቸው ከገፋ ሰዎች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሬ። እጄ ከእርሳስ ይልቅ ቢላዋ ስለለመደ መስመሩ ይወላገዳል። ግድ የለም። አባታችን ትምህርት ቤት የላከው አንቺን ነው፤ የተወላገደውን አቃንተሽ ማንበብ አያቅትሽም። እኔን የላከኝ አሳማዎቹን የባሉጥ ፍሬ እንዳበላ ነበር።

የምጽፍልሽ ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው። የምሠራበት የሴርፓ ከተማው ሱፐርማርኬት የሥጋ ማሸጊያ ክፍሉን ሊዘጋ ነው። ከሚመጣው ዓርብ በኋላ ሥጋውም አጥንቱም ከፋብሪካ ታሽጎ ይመጣል ተብሏል። የአጥንት መጋዙ ይነቀላል፤ በክፍሉና በገበያተኛው መካከል ያለው ትልቁ መስታወት በጣውላ ይደፈናል፤ እኔም ጡረታዬን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ለሥራው አላለቅስም፤ ጉልበቴን በልቶታል። የሚያንገበግበኝ መስታወቱ ነው። ዓርብ ዓርብ አንቺን የማይበት ሌላ መስኮት የለኝም።

አዎ፣ አይሻለሁ። ነጭ ቆብ አድርጋ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የላስቲክ ሽርጥ ለብሳ ከመስታወቱ ጀርባ የምትቆም ሴትዮ አይተሽ ከሆነ፣ እኔ ነኝ። እንደዚያ ስንለብስ ሁላችንም አንድ እንመስላለን። ደስ ይለኝ ነበር። አንቺን እያየሁ አንቺ እንደማታዪኝ አስብ ነበር።

መጀመሪያ ያየሁሽ ቀን ከፊትሽ በፊት አረማመድሽን ነው ያወቅኩት። ግራ ዳሌሽን ታመሻል። እኔ ሳልሰማ መታመምሽ አናደደኝ። ከወንዙ ማዶ በሚመጣው የዓርብ አውቶቡስ መምጣትሽ ነበር፤ ከእናንተ መንደር በሌላ ቀን የሚነሳ እንደሌለ አውቃለሁ። ዘንቢልሽን አንጠልጥለሽ ዳቦውን አለፍሽ፣ ዓሣውን አለፍሽ፣ የአጥንቱ ማቀዝቀዣ ዘንድ ስትደርሺ ቆምሽ። የአሳማ አከርካሪ ያለበትን አንድ ትሪ አነሳሽ። ወደ መብራቱ አዘነበልሽው፣ ፕላስቲኩን በአውራ ጣትሽ ዳሰስሽ፣ ከዚያ መልሰሽ አስቀመጥሽና በአንድ ጣት ገፋ አደረግሽው። ያን ጣት አልሳተውም። አባታችን ያልጣመውን ሳህን የሚገፋው እንደዚያ ነበር። ዳቦ ብቻ ገዝተሽ ሄድሽ።

ከሄድሽ በኋላ ወጥቼ ትሪውን አየሁት። እውነትሽን ነበር። ሥጋው ደህና ነው፤ መቅኔው ግን ጠቁሯል። አጥንት እንዲህ ነው። መጋዙ ሲበጥሰው መቅኔው እንደተፈለቀቀ ሮማን ይቀላል፤ አየር ሲነካው ይጠወልጋል፣ አመድ ይመስላል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ከጎኑ ያለው ሥጋ ለቀናት መልኩን ይዞ ሲቆይ አጥንቱ በአንድ ቀን ያረጃል። አልተበላሸም፣ ይበላል ብትዪ የሚሰማሽ የለም። ሰው የሚገዛው በዓይኑ ነው። እኛ ደግሞ አከርካሪ የምንቆርጠው ሐሙስ ማለዳ ነው፤ ዓርብ መጋዙ ለቅዳሜና ለእሑድ ጥብስ የተያዘ ነው። ያንቺ አውቶቡስ እስኪደርስ የሐሙሱ አጥንት መልኩን ጨርሷል።

በሚቀጥለው ዓርብ አልመጣሽም። ከዚያም በኋላ ባለው። በቃ፣ ሌላ ሥጋ ቤት አገኘች አልኩ። በጥቁር አጥንት ምክንያት ዳግመኛ ላጣሽ ነው አልኩ። ሌላው ሰው ቢስቅብኝ ይሳቅ፤ ያኔ የያዘኝ ፍርሃት ይህ ነበር።

መጋዙን የሚይዘው ባልታዛር የሚባል ትከሻው የሰፋ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። እሱም እንደ ባልሽ ከወንዙ ማዶ ነው።

«ባልታዛር፣ ይህን አጥንት እስከ ዓርብ ከሰዓት እንዳይጠቁር የምናደርገው እንዴት ነው?» አልኩት።

«እትዬ ዣሲንታ፣ እኔ ራሴ እስከ ዓርብ መቆየቴን በምን አውቄ?»

«ቀልዱን ተወው።»

«ምነው፣ ወዳጅ ያዙ እንዴ? ዓርብ ዓርብ አጥንት የሚገዛ ሽማግሌ?»

«ዝም ብለህ ቁረጥ!»

«እሺ፣ እሺ። ለሠርጉ ግን አከርካሪውን በነፃ እቆርጣለሁ።»

እየሳቀም ቢሆን ረዳኝ። አከርካሪውን ከመቁረጣችን በፊት በደንብ እንዲበርድ ከማቀዝቀዣው ክፍል ጥግ አሳደርነው። ከመጋዙ የሚረጨውን የአጥንት ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት፤ መጀመሪያ የሚያጠቁረው እሱ ነውና። ትሪውን መብራት እንዳይመታው ከማቀዝቀዣው ግራ ጥግ አኖርኩት። ተሻለ፣ ግን አልበቃም። ተመልሰሽ መጣሽ፣ አነሳሽው፣ በጣትሽ ገፋሽው። በቀጣዩ ሳምንት ሎሚ ሞከርኩ። እሱ ይባስ ብሎ ግራጫ አደረገው። ባልታዛር አየት አድርጎ፣ «እትዬ፣ ቀቅለው ነው የሚሸጡላቸው?» አለኝ።

ከዚያ የቤታችን ነገር ትዝ አለኝ። እኛ ቤት አከርካሪ እርቃኑን አድሮ አያውቅም። በቀይ ቃሪያ ድልህ፣ በነጭ ሽንኩርትና በወይን ጠጅ ይታሻል፤ እናታችን የብርቱካን ልጣጭ ትጨምርበት ነበር። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ቀይ ነው። ድልሁን፣ የብርቱካን ልጣጩም ሳይቀር፣ ከቤቴ በጠርሙስ ይዤ ሄድኩ። በወይን ጠጅ አቅጥኜ፣ በቀጭን ብሩሽ የተቆረጠውን የአጥንት ፊት ብቻ ቀባሁ። ለሌላ ሰው አይደለም። አንዲት ትሪ፣ ያንቺን ብቻ።

ወሰድሽው። ወደ መብራቱ አዘንብለሽ አየሽውና ዘንቢልሽ ውስጥ ከተትሽው። እኔ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ገብቼ ባልታዛር ፊቴን እንዳያይ ከተሰቀሉት አሳማዎች መካከል ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ ዓርብ የሚባል ቀን ኖረኝ። አንቺ ልጆች ስላሉሽ ይህ አይገባሽም። ቅዳሜ ቤቴን እጠርጋለሁ፤ የሚያቆሽሸው ሰው ስለሌለ ቶሎ ያልቃል። እሑድ ለራሴ ሩዝ እሠራለሁ። ያሳማ እርድ ቀን የምንሠራበት ያ ትልቁ ድስት ነው ያለኝ፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ሩዝ ከሥሩ ይጠፋል፣ ያራል። አንዳንድ ሳምንት ከሥራ ቦታ ውጪ ድምፄን የምሰማው ሬዲዮኑ ሲዋሽ ስሰድበው ብቻ ነው። ዓርብ ሲደርስ ግን አንቺ ከዳቦው በኩል ብቅ ትያለሽ። ግራ ጥግ። ትሪዋ። ሄድሽ። ያችን ያህል ብቻ ነበረች።

ይቅር ብዬሽ እንዳይመስልሽ። እያየሁሽም ተቀይሜሻለሁ። የቅያሜዬን ምክንያት አንዴም ጠይቀሽኝ አታውቂም፣ ስለዚህ አሁን ልንገርሽ። ኦሬሊዮ የሞተ ክረምት አንቺና ባልሽ በአባታችን ግቢ አሳማ አረዳችሁ። እኛ መንደር አከርካሪው ለማን እንደሚላክ ታውቂያለሽ፤ ለታመመ፣ ለወለደች፣ ልቡ ለተሰበረ። ባሌን ከቀበርኩ ወር አልሞላኝም። ሳህኑን በነጭ ጨርቅ ሸፍነሽ በመንገዱ ስትመጪ በመስኮት አየሁሽ። ጠረጴዛውን ጠረግኩ። ሁለት ብርጭቆ አወጣሁ። ደጄ ስትደርሺ ዓይንሽን መሬት ላይ ጥለሽ አለፍሽና ጎረቤቴ ቤት ገባሽ። ስትስቂ ሰማሁሽ። ግድግዳው ስስ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤትሽን አልረገጥኩም፤ አንቺም የእኔን። እንደዚህ ነው ያረጀነው።

ባለፈው መከር ደግሞ ጥቁር ለብሰሽ መጣሽ። የዥርማኖን መሞት የሰማሁት ከልብስሽ ነው፣ ፌሊዝሚና። የእህቴ ባል መሞቱን በመስታወት አየሁ። ሻርፕሽን ከአገጭሽ ሥር አስረሽ፣ ከስተሽ፣ ግራ ጥግ ሄደሽ ትሪዋን አነሳሽ። እጄ ላይ የነበረውን ቢላዋ የት እንዳስቀመጥኩት ለረጅም ጊዜ ጠፋኝ። ልውጣ አልኩ። ወጥቼ ምን ልበላት? ነፍስ ይማር የሚባለው ባል ሲቀበር ነው እንጂ አጥንት ሲመረጥ አይደለም። አልወጣሁም። የሚቀጥለውን ዓርብ ትሪ ግን ከወትሮው አብዝቼ ሞላሁት።

ይህ ሁሉ ብዙም አልሰነበተም። ማፋልዳ የምትባል ወጣት የምግብ ባለሙያ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጣች። ደግ ልጅ ናት። ጠልቻት ነበር፤ አሁንም ብዙ አልወዳትም፤ ግን ደግ ናት። ያንቺን ትሪ አንስታ ዘቅዘቅ አደረገችው። ጥጉ ላይ ቀይ ፈሳሽ ተጠራቅሟል።

«ዶና ዣሲንታ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ድልህ።»

«አጥንት ላይ ምን ይሠራል?»

«እንዳይጠቁር ነዋ።»

«ይሄ እኮ ሥጋ መቀባት ነው። የሰነበተውን የዛሬ ማስመሰል።»

«እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቀብታዋለች።»

«እናትዎ ታዲያ ያልተነካ ነው ብለው ይሸጡት ነበር?»

ባልታዛር ከመጋዙ ጀርባ፣ «ኧረ እናትየዋን ተያቸው፣ በሰላም ይረፉ» አለ። ማፋልዳም ሳቋን ዋጠች። አልከሰሰችኝም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ነገሩ የሚቃናበትን ነገረችኝ። ትሪው ላይ የተቀመመ ነው ብለን ከጻፍንበት፣ በድልሁ ውስጥ ያለውን ሁሉ ከዘረዘርንበት ነውር የለውም አለች። ሰው የሚገዛውን ይወቅ፣ ያ ብቻ ነው። ዋናውን መሥሪያ ቤት እጠይቅልዎታለሁ፣ እስከዚያ ግን ብሩሹን ያስቀምጡ አለችኝ። አስቀመጥኩ። እውነቷን እንደሆነ ስለገባኝ ይበልጥ ተናደድኩ።

ጠየቀችልኝ። የመጣው ወሬ ግን የክፍሉ መዘጋት ነው። በእርስዎ ድልህ ምክንያት አይደለም፣ ከዚያ በፊት የተወሰነ ነው ብላ ማለችልኝ። አመንኳት።

«የፋብሪካው አጥንትስ አይጠቁርም?» አልኳት።

«ይጠቁራል፣ ዶና ዣሲንታ። የሚታሸግበት አየር ሥጋውን ያቀላዋል፣ መቅኔውን ግን ያጠቁረዋል። ገና መላ አላገኘንለትም።»

«እንግዲያ ሰው አይገዛችሁም።»

«ላይገዛን ይችላል» አለች። ቢያንስ አትዋሽም።

እንግዲህ ባለፈው ዓርብ የነበረው ይህ ነው። ድልህ የለም። አከርካሪው ሐሙስ የተቆረጠ። አንድ እንኳ አዲስ ቁረጥልኝ ብዬ ባልታዛርን ለመንኩት፤ በማቀዝቀዣው ክፍል ያልተቆረጠ አከርካሪ አልቀረም ነበር። ብናኙን ጠረግኩ፣ ከመብራቱ አራቅኩት፣ ከበታቹ በረዶ አደረግኩለት። ከሰዓት ሲሆን እንደ ከሰል ሆነ። ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሜ እጆቼን በውኃ እያጠብኩ፣ አሁን ትመጣለች፣ በጣቷ ትገፋዋለች፣ ሌላ ዓርብ አትመጣም፣ መስታወቱም ይደፈናል አልኩ። ያለቀለት መሰለኝ።

መጣሽ። ግራ ጥግ ሄድሽ። ትሪውን አነሳሽ። ወደ መብራቱ አላዘነበልሽውም። ወደ መስታወቱ ቀና አልሽ። ለስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ ለእኔ ረጅም ነበር። ከዚያ ያን ጥቁር አጥንት ዘንቢልሽ ውስጥ ከተትሽው።

ባልታዛርም አይቶሽ ነበር። «ሴትየዋ ዓይኗን ታማለች እንዴ?» አለ። ቀጥሎም ልብ ብሎ አየሽና፣ «ቆይ፣ ይቺ እኮ የእኛ መንደር ሰው ናት፤ የዥርማኖ ሚስት! ባሏ በመከር ነው የሞተው። ታዲያ አከርካሪ ምን ያደርግላታል?» አለ።

«ባሏ ቢሞትስ? ሰው አይበላም?» አልኩት።

«እኛ ጋ ሐዘን ያለበት ቤት ዓመት እስኪሞላ አሳማ አይገባበትም እኮ፣ እትዬ። አይበሰልም፣ አይላክም። የላከ ሰው እንደ ተሳዳቢ ነው የሚቆጠረው፤ ብሉና እርሱት እንደማለት ነው።»

«አይላክም?»

«ሳህን ይዘው ቢሆን እንኳ ዓይናቸውን ጥለው ያልፋሉ እንጂ አይገቡም። የእናንተ መንደር ሰው ይሄን አያውቅም?»

የእኛ መንደር ሰው ይህን አያውቅም፣ ፌሊዝሚና። እዚያ አግብተሽ የሄድሽው አንቺ ነሽ። የባልሽን አገር ወግ ተምረሽ መጥተሽ በእኔ ደጅ ላይ ፈጸምሽው፤ ንቀት ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ የተሸከምኩት ነገር ክብር ኖሯል። ይህን ሳውቅ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ሳህኑን ጎረቤት አኑረሽ ባዶ እጅሽን ገብተሽ መቀመጥ ማን ከለከለሽ? ከወንዙ ማዶስ ቢሆን ሐዘንተኛ ቤት ወንበር መሳብ ነውር ነው?

ሽርጤን ፈትቼ ወጣሁ። ቋጠሮው እርጥብ ነበርና አስቸገረኝ። ስደርስ ከሂሳብ መክፈያው አልፈሽ አውቶቡሱ ውስጥ ገብተሻል። የተቀመጥሽበትን መስኮት አየሁት። ወደ ፊት ነበር የምታዪው።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ከመከር ጀምሮ በየዓርቡ የወሰድሽውን አጥንት ምን አደረግሽው? ቤትሽ አይበስልም። ለውሻ ሰጠሽው? አፈር ውስጥ ቀበርሽው? የታመመ ዳሌሽን እየጎተትሽ በዚያ በሚንገጫገጭ አውቶቡስ ወንዝ የምትሻገሪው ለማትበይው ነገር ነው? መጀመሪያውኑ፣ ዥርማኖ ሳይሞት፣ ያን ድልህ አብስለሽ ስትቀምሺው የብርቱካኑ ልጣጭ ጣመሽ? የማን እጅ እንደሆነ አወቅሽ? አውቀሽ ከሆነ፣ ያን ሁሉ ዓርብ ሁለታችንም በአንድ መስታወት ግራና ቀኝ ቆመን እንደማንተዋወቅ ስንሆን ከረምን ማለት ነው። ከሁለታችን ማን የበለጠ ግትር እንደሆነች አባታችን ቢኖር ይፈርድ ነበር። ለአንቺ ነበር የሚያደላው።

ወይም ምናልባት ዓይንሽ በእርግጥ ደክሟል፤ ጥቁሩን ከቀዩ አትለዪም። ይህንም አስቤዋለሁ። እኔ ለተስፋ የምቸኩል ሰው አይደለሁም።

ማፋልዳ በመጨረሻው ቀን መጋዙ እስኪነቀል ሥራ የለም፣ ከማሸጊያው ክፍል ውጭ መሆን ይችላሉ ብላኛለች። የተረፉት የአከርካሪ ትሪዎች ግራ ጥግ ይሆናሉ። ያለ ድልህ ናቸው፤ መልካቸው ምን እንደሚሆን አልዋሽሽም። ደብዳቤው ሐሙስ እንደሚደርስሽ የፖስታ ቤቱ ልጅ ነግሮኛል፤ የመምጣትም የመቅረትም ጊዜ አለሽ።

ቆብም የአፍ መሸፈኛም አላደርግም። ፀጉሬ መሸበቱን አታውቂምና እንዳትደነግጪ። ከመጣሽ፣ ትሪውን ስታነሺ ወደ መስታወቱ ቀና አትበይ። ከጎንሽ ነኝ።

እህትሽ፣
ዣሲንታ